ደሙን ማን አፈረሰው? የኩምብስ ምርመራ ታሪክ

አንድ ቀይ የደም ሴል ከአጥንት መቅኔ ወጥቶ ወደ ደም ሥር ከገባ በኋላ 120 ቀን ያህል ይኖራል። በእነዚህ አራት ወራት ኦክስጅን ተሸክሞ ከሳንባ ወደ መላ ሰውነት ሲመላለስ ይከርማል። ሲያረጅ ደግሞ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ «ጠራጊ» ሴሎች ይውጡታል። መቅኔም የሞቱትን ያህል በየቀኑ አዲስ ይተካል። ገቢና ወጪው እኩል እስከሆነ ድረስ ማንም ምንም አይሰማውም።

ሴሎቹ በ120 ቀን ፈንታ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ ቢጀምሩስ? መቅኔው የቻለውን ያህል ቢሮጥም አይደርስበትም። ሰውየው ይገረጣል፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ልቡ ይመታል። ከፈረሱት ሴሎች የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለ ነገር ደግሞ ዓይኑን ቢጫ ያደርገዋል፤ በተለምዶ «የወፍ በሽታ» የምንለው ምልክት ይታያል። ሽንቱ ሊጠቁር፣ ጣፊያው ሊያብጥ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን አንድ ጥሩ ሐኪም በዓይኑ አይቶና በእጁ ዳስሶ ሊደርስበት ይችላል። ከባዱ ጥያቄ ቀጥሎ ያለው ነው። ሴሎቹ የፈረሱት ሲፈጠሩም ጉድለት ስላለባቸው ነው? ወይስ ጤነኛ ሆነው ሳለ የሆነ ነገር አጥቅቷቸው ነው?

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱ መልሶች ወደተለያየ ሕክምና ይወስዳሉ። ችግሩ ግን ለረጅም ጊዜ ሁለቱን በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልተቻለም ነበር። የመለያው ዘዴ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ፣ ካምብሪጅ ውስጥ፣ ሌላ ጥያቄ ሲያሳድዱ በነበሩ ሦስት ሰዎች እጅ ነው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና እንጂ ሕክምና አይደለም፤ ይህን ታሪክ የምወደውም በአንድ የምህንድስና ምክንያት ነው። በጣም ትንሽ የሆነን ምልክት በዓይን እስኪታይ ድረስ ማጉላት ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በረዶ ውስጥ የገባ ጣት

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ግራ የሚያጋባ በሽታ ነው። አንዳንድ ሰዎች ብርድ ሲመታቸው ሽንታቸው ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ቡና ይመስላል። በ1881 ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ይህ በሽታ ያለበትን ሰው ጣት አሰረና በረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ከዚያም አሞቀው። ከጣቱ የወሰደው ደም ፈሳሽ ክፍል ቀልቶ ተገኘ። ሴሎቹ እዚያው ጣቱ ውስጥ ፈርሰው፣ በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ወጥቷል ማለት ነው።

በ1904 ቪየና ውስጥ ዩሊየስ ዶናት እና ካርል ላንድስታይነር (የደም ዓይነቶችን ያገኘው እሱ ነው) ሙከራውን ከጣት ወደ ቱቦ አመጡት። የታማሚውን ደም በበረዶ አቀዘቀዙት፤ ከዚያ ወደ ሰውነት ሙቀት መለሱት፤ ሴሎቹም ፈረሱ። የታማሚው ሴረም፣ ማለትም ሴሎቹ ከተለዩ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ፣ የጤነኛ ሰው ሴሎችንም በተመሳሳይ መንገድ አፈረሰ። ስለዚህ ጥፋተኛው ያለው ሴሉ ውስጥ ሳይሆን ሴረሙ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው በራሱ ደም ላይ የሚነሳ አንቲቦዲ ሊኖረው እንደሚችል በላቦራቶሪ ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ጀርምን የመሰለ ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ባዕዱ ላይ ተለጥፎ ለሌሎቹ ተከላካዮች «ይኸው፣ ይህን አጥቁ» የሚል ምልክት ይሆናል። ታዲያ ሰውነት የራሱን ሴል እንዴት ባዕድ ይላል?

እዚህ ላይ ያው ኤርሊክ እንደገና ይመጣል። ፍየሎችን የሌላ ፍየል ደም ሲወጉ፣ ፍየሎቹ በሌላው ደም ላይ አንቲቦዲ ይሠራሉ፤ በራሳቸው ደም ላይ ግን አይሠሩም። ኤርሊክ ይህን የሰውነት «ራስን የመመረዝ ፍርሃት» በላቲን «ሆረር አውቶቶክሲከስ» ብሎ ጠራው። እሱ ራሱ ሰውነት በራሱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ የሚከለክል መንገድ አለው ማለቱ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን «እንዲህ ያለ ነገር አይኖርም» ብለው ተረጎሙት። የታላቅ ሰው ስም ያለበት ሐሳብ ደግሞ ለመነቅነቅ ይከብዳል።

በ1907 እና 1908 ፓሪስ ውስጥ እነ ፈርናን ቪዳል እና አናቶል ሾፋር ከቤተሰብ ያልተወረሰ፣ በኋላ የመጣ የደም መፍረስ መኖሩን ገለጹ፤ በአንዳንድ ታማሚዎችም ሴሎችን የሚያጓጉል ወይም የሚያፈርስ ነገር እንዳለ ጻፉ። በ1938 ደግሞ ዊልያም ዳምሼክ ከባልደረባው ሽዋርትዝ ጋር ቦስተን ውስጥ ያንኑ ጉዳይ አነሳ። ሁለቱ ሴል አፍራሽ ሴረም እንስሳትን ሲወጉ፣ የእንስሳቱ ሴሎች ትንንሽና ድቡልቡል ሆኑ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ምክንያቱም በማይክሮስኮፕ ድቡልቡል ሴል ሲታይ «በዘር የተወረሰ በሽታ ነው» ማለት የተለመደ ነበር። ለካ ጤነኛ ሴልም ሲጠቃ ያንኑ መልክ ይይዛል!

እንግዲህ ማስረጃው እዚህም እዚያም ነበር። የጎደለው ማንኛውም ላቦራቶሪ፣ በማንኛውም ታማሚ ላይ ደግሞ ሊሠራው የሚችል ምርመራ ነው። የአብዛኞቹን ታማሚዎች ሴረም ከሴል ጋር ቱቦ ውስጥ ብትቀላቅሉት ምንም አይታይም፤ ሴሎቹ አይጓጎሉም፣ አይፈርሱም። ለምን?

አጭር እጅ

የመልሱ ቁልፍ ርቀት ነው። የቀይ ደም ሴሎች ላያቸው ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ጨው ባለው ፈሳሽ ውስጥ 25 ናኖሜትር ያህል ተራርቀው ይቆማሉ። በሙቀት የሚሠራው የተለመደው አንቲቦዲ፣ አይ.ጂ.ጂ. የሚባለው፣ ሁለት እጅ አለው። ሁለቱን እጆቹን ሲዘረጋ ግን ከጫፍ ጫፍ 14 ናኖሜትር ገደማ ነው።

በዓይነ ሕሊናችሁ እናሳድገው። ሴሉን 7 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል አድርጉት። በዚያ ልክ አንቲቦዲው ከ1.5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። አንቲቦዲው አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሌላውን ሊነካ አይችልም። ሴሉ ተለጥፎበታል፣ ታልሟል፣ ጣፊያ ሲደርስ ይዋጣል። ቱቦ ውስጥ ግን ሁሉም ሰላም ይመስላል።

አይ.ጂ.ኤም. የሚባለው ሌላው የአንቲቦዲ ዓይነት በአንጻሩ አሥር መያዣ ያለው ትልቅ ነው፤ ክፍተቱን ተሻግሮ ሴሎችን ያያይዛል። የደም ዓይነት ስናሠራ ደሙ ወዲያው ሲጓጎል የምናየው በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው። የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች ያዩት የሚታየውን ዓይነት ነበር፤ አጭር እጅ ያለው ተሰውሮባቸው ቀረ።

በደብዛዛ መብራት የታሰበ ሐሳብ

አሁን ወደ ካምብሪጅ እንሂድ። ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር ለንደን የነበረው የጋልተን ላቦራቶሪ የሴረም ክፍል ወደዚያ ተዛወረ። ሮበርት ሬስ እና አርተር ሙራንት የሚሠሩት እዚያ ነበር። ሬስ ሐኪም ነው። ሙራንት መጀመሪያ የተማረው ጂኦሎጂ ሲሆን በኋላ ሕክምና ተምሯል። ከእነሱ ጋር የተቀላቀለው ሮቢን ኩምብስ ደግሞ ኤዲንብራ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ሲሆን፣ ካምብሪጅ የመጣው ለዶክትሬት ነበር። በ1945 ገና 24 ዓመቱ ነው።

ያኔ የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ አር.ኤች. የተባለው የደም ዓይነት ነበር። እናት አር.ኤች. ኔጋቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆኑ የእናትየው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ አልፎ የሕፃኑን ደም ሊያፈርስ ይችላል። በአንዳንድ እናቶች ላይ ሕፃኑ በግልጽ ተጎድቶ ሳለ የእናትየው ሴረም በቱቦ ምንም አያሳይም ነበር። እነዚህን የማይታዩ አንቲቦዲዎች «ጎደሎ» ይሏቸው ጀመር። ያው የአጭር እጅ ጉዳይ ነው።

ኩምብስ በኋላ እንደተናገረው፣ ሐሳቡ የመጣለት ከለንደን ወደ ካምብሪጅ በባቡር ሲመለስ ነው። በጦርነቱ ምክንያት የባቡሩ መብራት ደብዛዛ ስለነበር ማንበብ አይመችም። እሱም ሴሎቹን በሐሳቡ እየሳለ፣ አንቲቦዲው ላያቸው ላይ ተለጥፎ ያስብ ጀመር። አንቲቦዲ ራሱ ፕሮቲን፣ ግሎቡሊን ነው። የሰው ግሎቡሊን ደግሞ ለሌላ እንስሳ ባዕድ ነው። እንግዲያው የሰው ግሎቡሊን የተወጋ እንስሳ በዚያ ግሎቡሊን ላይ አንቲቦዲ ይሠራል። ያንን የእንስሳ ሴረም ወስደን ሴሎቹ ላይ ብንጨምረውስ?

በወንዝ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ሰዎችን አስቡ። እጃቸውን ቢዘረጉ አይገናኙም። መሀል ድንጋይ ላይ አንድ ሦስተኛ ሰው ቢቆም ግን የሁለቱንም እጅ ይይዛል። የእንስሳው አንቲቦዲ መሀል ላይ ቆሞ የአንዱን ሴል አንቲቦዲ በአንድ እጁ፣ የሌላውን በሌላ እጁ ይይዛል። ሴሎቹ ይጓጎላሉ፤ የተሰወረው ነገር በባዶ ዓይን ይታያል።

የጥንቸል ሴረም ተጠቅመው ሞከሩት፤ ሠራ። በ1945 ሦስቱ አሳተሙት፤ ምርመራውም በኩምብስ ስም ይጠራ ጀመር። እዚህ ላይ ለፍትሕ ስንል አንድ ስም እንጨምር። ካርሎ ሞሬስኪ የተባለ ጣሊያናዊ ይህንኑ መርህ በ1908 አሳትሞ ነበር፤ ግን ማንም ሳያስታውሰው ቆየ። ኩምብስና ባልደረቦቹ ይህን ሲያውቁ ቀዳሚው ሞሬስኪ መሆኑን በይፋ መስክረዋል። አንድ ሐሳብ ቢገኝም የሚፈልገው ጥያቄ ካልመጣ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ይችላል።

28 እና 5

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። በ1946 እነ ኩምብስ የእናቱ አንቲቦዲ ያጠቃውን ሕፃን ሴሎች በቀጥታ ወስደው መረመሩ፤ አንቲቦዲው ሴሎቹ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። በዚያው ዓመት ካትሊን ቡርማን፣ ባርባራ ዶድ እና ጆን ሉቲት የተባሉ ተመራማሪዎች ዘዴውን ወስደው የደም መፍረስ ያለባቸውን አዋቂዎች መረመሩ። በዘር የወረሱት 28 ታማሚዎች ሴሎች አልተጓጎሉም። በሽታው በኋላ የመጣባቸው የ5ቱ ሴሎች ግን ሁሉም ተጓጎሉ።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ጥርት ያለ ነበር። በአንደኛው ወገን ጉድለቱ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው። በሌላኛው ወገን ሴሉ ላይ የራሱ የሰውየው አንቲቦዲ ተለጥፎበታል። «ሰውነት በራሱ ላይ አይነሳም» የሚለው ክርክር ከፍልስፍና ወጥቶ በቱቦ ውስጥ የሚታይ ነገር ሆነ። ይህ በሽታ ዛሬ ኦቶኢሚዩን ሄሞሊቲክ አኒሚያ ይባላል፤ ሰውነት የራሱን ቀይ ደም ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ ደም ማነስ ማለት ነው።

ለታማሚው ምን ተለወጠ? በዘር የሚመጣው ድቡልቡል ሴል ያለበት ሰው በሽታው ሲከብድ ጣፊያው ሲወጣ በእጅጉ ይሻለዋል፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያረግቡ መድኃኒቶች ግን አይረዱትም። አንቲቦዲ ላጠቃው ሰው ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመጀመሪያው መድኃኒት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ሆነ። ምርመራው ከሌለ ሐኪሙ በግምት ነው የሚሄደው፤ የግምቱ ዋጋ ደግሞ አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ወይም የማይሠራ መድኃኒት ነው።

እንዴት ይሠራል?

ከታማሚው ትንሽ ደም ይቀዳል። ሴሎቹ በጨው ውሃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። ከዚያ የፀረ ግሎቡሊን ሴረም ይጨመርበታል፤ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፤ ቱቦው ቀስ ተብሎ ሲነቀነቅ ሴሎቹ እንደ አሸዋ ተበትነው ይነሳሉ ወይስ ጓል ሆነው ይቀራሉ የሚለው ይታያል። በቃ!

ከሁሉም በላይ አስፈላጊው መታጠቡ ነው። በደማችን ፈሳሽ ውስጥ ከሴል ጋር ያልተያያዘ ብዙ ግሎቡሊን አለ። እሱ በደንብ ካልታጠበ የጨመርነውን ሴረም ጠልፎ ይጨርሰዋል፤ ለሴሉ የሚተርፍ አይኖርም። ውጤቱም በሐሰት «የለም» ይላል። ስለዚህ ኔጋቲቭ በወጣ ቱቦ ላይ አስቀድሞ አንቲቦዲ የተለጠፈባቸው ሴሎች ይጨመራሉ። እነሱ ከተጓጎሉ ሴረሙ ሥራውን ሊሠራ ይችል ነበር ማለት ነው፤ ካልተጓጎሉ ምርመራው እንደገና ይሠራል። «የለም» የሚል መሣሪያ መጀመሪያ ራሱ መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። እኛ መሐንዲሶች ሴንሰር ስንፈትሽ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

መርሁ ባይለወጥም መሣሪያው ተሻሽሏል። በ1975 ሴዛር ሚልስታይን እና ጆርጅ ኬለር፣ እዚያው ካምብሪጅ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ በብዛት የሚሠሩ ሴሎችን የማዘጋጀት ዘዴ አገኙ፤ ዛሬ የምርመራው ሴረም ሁልጊዜ ከጥንቸል መምጣት የለበትም። በ1990 ኢቭ ላፒየርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የጄል ዘዴ ደግሞ ከቱቦ ይልቅ ትንንሽ የጄል ዓምዶች ያሉት ካርድ ይጠቀማል። ካርዱ ሲሽከረከር ነጠላ ሴሎች በጄሉ አልፈው ታች ይወርዳሉ፤ የተጓጎሉት ላይ ይያዛሉ። ልክ እንደ ወንፊት።

ሌላው መሻሻል ሁለተኛ ጥያቄ መጨመሩ ነው፦ የተለጠፈው ምንድን ነው? አይ.ጂ.ጂ. ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሰውነት ሙቀት የሚሠራው ዓይነት ነው። ኮምፕልመንት የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው በብርድ የሚሠራው አይ.ጂ.ኤም. ነው። አይ.ጂ.ኤም. በቀዝቃዛው እጅና ጆሮ ላይ ሴሉን ይይዝና፣ ደሙ ወደ ሞቃቱ የሰውነት ክፍል ሲመለስ ለቆት ይሄዳል። ኮምፕልመንቱ ግን እንደ አሻራ ይቀራል። ይህም ሕክምናውን ይለውጣል፤ የብርዱ ዓይነት ለስቴሮይድ ብዙም ስለማይመለስ ታማሚው ራሱን ከብርድ እንዲጠብቅ ይመከራል።

ፖዘቲቭ ሁሉ በሽታ ነው?

አይደለም፤ ይህን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ። ምርመራው የሚመልሰው «ሴሉ ላይ የተለጠፈ ነገር አለ ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። «ሴሉ እየፈረሰ ነው ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ጥሩ ምሳሌ ሜቲልዶፓ ነው፤ በአገራችንም በእርግዝና ወቅት ለሚመጣ የደም ግፊት ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት። ለረጅም ጊዜ ከሚወስዱት ሰዎች በብዙዎቹ የኩምብስ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊሆን እንደሚችል ከ1966 ጀምሮ ይታወቃል። ደማቸው በትክክል የሚፈርሰው ግን ከመቶ አንድ የማይሞሉት ናቸው። ወባ የያዘው ሰውም አንዳንዴ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ደም የሚለግሱ ጤነኛ ሰዎች መካከልም አልፎ አልፎ ይገኛል።

በተቃራኒውም አለ። የተለመደው ዘዴ አንቲቦዲውን ለማየት በአንድ ሴል ላይ ከ100 እስከ 500 የሚሆኑ ሞለኪውሎች ያስፈልጉታል። ከዚያ ያነሰ ቁጥር ጣፊያን ሊበቃው ይችላል፤ ቱቦውን ግን አይበቃውም። ስለዚህ ከታማሚዎቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እያለባቸው ምርመራቸው ኔጋቲቭ ይወጣል።

ለዚህ ነው ሐኪሞች ውጤቱን ብቻውን የማያነቡት። መቅኔው ምን ያህል አዳዲስ ሴል እየላከ እንደሆነ፣ ቢሊሩቢን መጨመሩን፣ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ምን እንደሚመስሉ አብረው ያያሉ። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ደም ያነሰው ሰው ሲመጣ ወባ፣ የብረት እጥረትና የአንጀት ትላትል አስቀድመው ይታሰባሉ፤ ይህም ትክክል ነው፤ እነሱ በጣም ይበዛሉና። ሁሉም ታይቶ ደሙ አሁንም ከፈረሰ ግን ኩምብስ ሊታዘዝ ይገባዋል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ደም መለገስ ቢያስፈልገውም አንቲቦዲው የሚመጣለትን ደም ሁሉ ሊቃወም ስለሚችል፣ ላቦራቶሪው አስቀድሞ ማወቁ ሕይወት ያድናል።

በመጨረሻም ምርመራው ፈጽሞ የማይመልሰው ጥያቄ አለ፦ ሰውነቱ ለምን በራሱ ላይ ተነሳ? አንዳንዴ ከጀርባው እንደ ሉፐስ ያለ ሌላ በሽታ፣ አንዳንዴ የደም ካንሰር፣ አንዳንዴም መድኃኒት ይገኛል። ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚሆኑት ግን ምክንያቱ ዛሬም አይገኝም። ኩምብስና ባልደረቦቹ ተለጣፊውን እንድናየው አድርገዋል፤ ያ አንቲቦዲ እንዲሠራ መጀመሪያ ፈቃድ የሰጠው ምን እንደሆነ ግን የሚፈልግ ሰው እየጠበቀ ነው።